ዳገት ላይ እምቢ ያለው መኪና

«ዋሽታለች አላልኩም» አለ ክራባት። «መኪናው ግን ይኸው ይሠራል ነው የምለው።»

መሥራቱንማ ሁሉም እያየው ነው። የክሊኒኩ ነጭ መኪና ጋራዡ መሃል ማቆሚያ ብረቶች ላይ ተሰቅሎ አራቱም ጎማዎቹ አየር ላይ ይሽከረከራሉ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው፣ አራቱም መግፋታቸውን የምትነግረው አረንጓዴ የፎርዊል መብራትም አርፋ በርታለች፤ በሕይወቷ አንድም ቀን ብልጭ ድርግም ያላለች ነው የምትመስለው። ቡሎን ያቺን መብራት በመዶሻ ብትላት ደስ ባላት።

ክራባት የክሊኒኩ የትራንስፖርት ኃላፊ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም አለው፤ ግን በፀሐይም በጭቃም ክራባቱን ከአንገቱ ሲያወርድ ታይቶ ስለማይታወቅ ቡሎን በልቧ የምትጠራው እንዲህ ብላ ነው። እሷም ብትሆን ሌላ ስም አላት። አምስት ዓመቷ ሳለ ከዚሁ ጋራዥ «ወደ ቤት እንሂድ» ስትባል የጠረጴዛ እግር ላይ ተጠምጥማ አልላቀቅ አለች። ጋራዡ የአጎቷ ነው፤ እሳቸውም «ይቺማ የዛገች ቡሎን ናት፣ በመፍቻ አትፈታም» አሉ። ስሙ ያን ቀን ተጣበቀ። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የመመርመሪያ ማሽኑን የምትይዘው እሷ ናት። አጎቷ መነጽራቸውን ያላስቀመጡበት ቦታ ሲፈልጉ ስለሚውሉ፣ ስክሪኑን የሚያነብላቸው ሰው ያስፈልጋል።

የተሰቀለውን መኪና የምትነዳው የአጎቷ እህት፣ እናቷ ናት፤ አሁንም አጠገቡ ቆማለች። ረቡዕ ዕለት ምጥ የያዛትን ሴት ለማምጣት ወደ ዳገቱ መንደር ስትወጣ መብራቷ ብልጭ ድርግም አለችና የኋላ ጎማዎቹ መግፋት አቆሙ። ሴትየዋን የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ጭቃውን አሻገሯት፤ ልጁም ክሊኒክ ሳይደርስ መንገድ ዳር ተወለደ። ደግነቱ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። የክሊኒኩ ወሬ ግን ደህና አልነበረም። «ሹፌሯ ሴትዮ ዳገቱን ፈርታ ነው፤ መኪናው ምንም አልሆነም» ይሉ ጀመር። መኪናው ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት ደግሞ እናቷ ሰኞ ቁልፏን አስረክባ መዝገብ ቤት ልትገባ ነው።

«ማሽኑስ ምን አለ?» ሲል ጠየቀ ክራባት።

አጎቷ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «አንድ ኮድ ይዟል። የኋላ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ፍሪሲዮን ከልክ በላይ ሞቆ ነበር ይላል።»

«ምን ያሞቀዋል?»

«ብዙ ጊዜ…» አጎቷ እህታቸውን ላለማየት ወለሉን አዩ። «ብዙ ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ነዳጅ ሲረገጥ ነው።»

ክራባት አንገቱን ነቀነቀ። ቡሎን ደሟ ፈላ።

«ጭቃው ውስጥ ገና አልገባሁም ነበር» አለች እናቷ በቀስታ። «አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ሊጀምር ሲል ነው ብልጭ ያለው።»

«ጭቃ ሳይነካው ከሞቀ ታዲያ ጭቃው ነው ያሞቀው?» አለች ቡሎን።

«አንቺ ልጅ!» አሉ አጎቷ።

«ምን አልኩ ጋሼ? ጠየቅኩ እንጂ።» ዓይኗን በጨው አጥባ ክራባትን ፊት ለፊት አየችው። «ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት ደርሶ ሻል ቢለው 'ዋሽተሃል' ተብሎ ይመለሳል እንዴ? ክሊኒክ አይደል የሚሠሩት?»

ክራባት ሊቆጣ ፈልጎ ተወው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» አለ ለአጎቷ። «ምክንያቱን አሳዩኝና እሰማለሁ። ከሌለ ግን ዳገቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዲደርስ አልፈቅድም።» ቆሻሻ እንዳይነካው ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ዘይት እየዘለለ ወጣ።

እናቷ የመኪናውን በር ተደግፋ ቀረች። ከክሊኒኩ ሹፌሮች ሴት እሷ ብቻ ናት። ያንን ቁልፍ ለማግኘት ስንት ዓመት አምቡላንስ እንዳጠበች ቡሎን ታውቃለች።

«ጋሼ፣ ያስረዱኝ» አለች ቡሎን። «ይሄ ነገር ከሥሩ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«አሁን የትምህርት ሰዓት ነው?»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እዚህ ነው የምማረው።»

አጎቷ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ዘወር ብለው በተሰቀለው መኪና ሥር ወደ ኋላ አሳዩዋት። «የክሊኒኩ የድሮ መኪኖች ከማርሻቸው ጎን ሌላ ትንሽ ማርሽ ነበራቸው። ሹፌሩ ሲጎትተው ብረት ከብረት ይነካከሳል፣ አራቱም ጎማ አብሮ ይገፋል፣ አለቀ። ይሄኛው ግን የሚያስበው ራሱ ነው። በደህና መንገድ የሚጎትቱት የፊቶቹ ብቻ ናቸው። በየጎማው ሥር ፍጥነት የምትቆጥር ሴንሰር አለች፤ አራቱም የቆጠሩትን ለኮምፒውተሩ ይነግሩታል። የፊቶቹ ከኋላዎቹ በልጠው ከተሽከረከሩ ኮምፒውተሩ 'ፊት እየተንሸራተተ ነው' ይልና ያንን ፍሪሲዮን ጥብቅ ያደርገዋል። ያኔ የኋላዎቹም ይገፋሉ። ችግሩ ሲያልፍ ይለቀዋል።»

«ሲሞቅስ?»

«ሲሞቅማ እንዳይቃጠል ጭራሽ ይለቀዋል፤ መብራቷም ብልጭ ድርግም ትላለች። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ጨዋ ይሆናል።»

«እንግዲህ እዚህ ተሰቅሎ መሥራቱ ምንም አይመሰክርም ማለት ነዋ! ሦስት ቀን ቆሟል፣ በረዶ ሆኗል፣ ጎማዎቹ መሬት እንኳን አልነኩም። መንገድ ላይ አውጥተን ረቡዕ እንደነዳችው እንንዳው።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ አጎቷ።

«ለምሳ ይበቃናል» አለችና ክሪኩን ፍለጋ ሄደች።

እናቷን ማሳመን ከአጎቷ ይብስ ነበር። «መኪናዋን ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበተች ልታሰኚኝ ነው?» አለች። ቡሎን ገብታ ተቀመጠች፣ የማሽኑን ገመድ ከመሪው ሥር ሰካች፣ ቀበቶዋን አሰረች። የዛገች ቡሎን መቼም አትፈታም። እናቷ ተነፈሰችና ሞተሩን አስነሳች።

«ረቡዕ የፎርዊሉ ማዞሪያ ምን ላይ ነበር?»

«አውቶ ላይ። ሁልጊዜም አውቶ ላይ ነው፤ እሱ ራሱ ያውቃል ተብለን የለ?»

ከከተማ ሲወጡ አስፋልቱ ደረቅና ቀጥ ያለ ነበር። ቡሎን አራቱን ሴንሰሮች ስክሪኑ ላይ ደረደረቻቸው። ፊት ግራ ሃምሳ ዘጠኝ። ፊት ቀኝ ሃምሳ ዘጠኝ። ኋላ ግራ ሃምሳ ዘጠኝ። ኋላ ቀኝ ሃምሳ ሰባት። ዓይኗን አሸችና ደግማ አየች። ሃምሳ ሰባት።

«እማ፣ ቀስ በይ እስቲ።»

እናቷ ቀነሰች። ሦስቱ ሠላሳ ሲሉ ያቺ ሃያ ዘጠኝ አለች።

«አሁን ፍጠኚ።»

ሦስቱ ሰማንያ ሲሉ ያቺ ሰባ ሰባት ላይ ነበረች። ቡሎን መጀመሪያ ሴንሰሯ የተበላሸች መስሏት ነበር። ግን አጎቷ የሚሉት ነገር አለ፤ የተበላሸ ሴንሰር እንደ ውሸታም ሰው ነው፣ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ይላል። ይቺ ግን ቃሏን አልቀየረችም። በቀስታም በፍጥነትም ያው በጥቂቱ ወደኋላ ትቀራለች። ጎማው በእርግጥ ከሌሎቹ ባነሰ ዙር እየተሽከረከረ ነው።

ወደ ታች ያለውን ሌላ መስመር ከፈተች። ኮምፒውተሩ ፍሪሲዮኑን ምን ያህል እያጠበቀው እንደሆነ የሚያሳይ ነው። በዚህ ደረቅ መንገድ ዜሮ መሆን ነበረበት። አልነበረም። ምስኪኑ ኮምፒውተር የፊቶቹ ከዚያች ከቀኝ የኋላ ጎማ በልጠው ሲሽከረከሩ እያየ «ፊት ተንሸራተተ!» ብሎ ያጠብቃል፤ ጎማዎቹ ደግሞ አይስማሙም፤ ፍሪሲዮኑ መሃል ሆኖ ይፋተጋል። የሙቀቱ ቁጥር ይወጣል፣ አሁንም ይወጣል።

«እማ፣ በዚሁ ቀጥይ። እንዳትቆሚ።»

«ምን አየሽ?»

«ቀጥይ ብቻ!»

የመጀመሪያውን ማደያ አለፉ። ሁለተኛው ማደያ አጠገብ ሲደርሱ፣ ጭቃ የሚባል ነገር በሌለበት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች። ድርግም። ብልጭ።

ቡሎን በመዳፏ ጣሪያውን መታችው። እናቷ ጥግ ይዛ አቆመችና መብራቷን ትክ ብላ አየቻት። «ይኸው» አለች። «ይኸው፣ ይሄንን ነው ያልኳቸው። ይሄንኑ ነው ያልኳቸው።»

ቡሎን የማሽኑ ገመድ የሚታሰርበትን ሲባጎ ፈትታ ወረደች። የሲባጎውን አንድ ጫፍ ከፊተኛው ጎማ ሥር መሬት ላይ በድንጋይ አስጨንቃ፣ እስከ ጎማው አናት ወጥራ፣ አናቱ በደረሰበት ቋጠረችው። ሌላኛው የፊት ጎማ ቋጠሮው ላይ ልክክ አለ። የኋላው ግራም ልክክ አለ። የኋላው ቀኝ ግን ቋጠሮውን በአንድ አውራ ጣት አለፈው። ጭቃውን በእጇ ጠረገችው። ጎማው አዲስ ነው፤ ጥርሱ ገና አልተበላም፣ ጎኑ ላይ የተጻፈው የልክ ቁጥርም ከሦስቱ የተለየ ነው።

«እማ! ነይ እዪው! የትኛው ጅል ጎሚስታ ነው ይሄንን…»

እናቷ ከመኪናው በር አልራቀችም። ፊቷ ዳምኗል።

«ድካምሽን ተዪው ልጄ» አለች። «እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

ወሬው አጭር ነበር። ዳገቱ ላይ መንገዱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ቦዩ ውስጥ የሚገባው የቀኝ የኋላ ጎማ ነው። ስለዚህ የክሊኒኩ ሹፌሮች ከጥንት ጀምሮ ዳገት ሊወጡ ሲሉ ከፍ ያለና አዲስ ጎማ እዚያ ቦታ ላይ ያስራሉ። በድሮዎቹ መኪኖች ምንም አይልም፤ አስፋልት ላይ አያያዙ ይፈታል፣ ጭቃ ላይ ይያያዛል። ይህንን እሷ ከቀደሟት ተምራለች፣ እሷም ተከታዮቿን አስተምራለች። አዲሶቹ መኪኖች ሲመጡ ማንም አቁሙ አላላቸውም።

«ሴትየዋ ምጥ ላይ ናት ሲሉኝ ተሽቀዳድሜ ቀየርኩት» አለች እናቷ። «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።»

ቡሎን ሲባጎውን እጇ ላይ ስትጠቀልል ቆየች። ተናዳለች። በሰው ሁሉ ፊት ስትጮህላት የዋለችላት እናቷ ናት ጥፋተኛዋ፤ ይሄ አናደዳት። ደግሞ እናቷ መንገድ ዳር እንደዚያ ትከሻዋን ጥላ ስትቆም ስታያት ሆዷ ባባ። የቱን እንደምታስቀድም ስላላወቀች መኪናው ውስጥ ገባች።

ጋራዡ ሲደርሱ አጎቷ ሁሉንም ሰሙ። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱትና ራሳቸውን ያዙ። «ማሽን ስናገኝ ዓይናችን ሰነፈ» አሉ። «መጀመሪያ መታየት የነበረበት ጎማ ነበር። እኔም አላየሁም።» ከዚያ ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ዘጠኝ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል።

«የወጣው ጎማ ከኋላ ተጭኗል አይደል?» አሉ።

«አለ» አለች እናቷ።

«ጥሩ። እሱን መልሼ አስረዋለሁ። ቡሎን፣ ኮዱን አጥፊው። ሲመጣ 'ሴንሰር ቆሽሾ ነበር፣ አጸዳነው' እለዋለሁ። መኪናውም ይሠራል፣ ቁልፍሽም እጅሽ ላይ ይቀራል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ማሽኑ ቡሎን እጅ ላይ ነው። ስክሪኑ «ኮዱ ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ መጫን ነው። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለመጫንም ቃጥቷት ነበር። እናቷ ሰኞ ጠዋት ሞተር ስታስነሳ ታየቻት። ክራባት አፉን ይዞ ሲቀርም ታያት።

«ሰኞ ዳገቱን የሚወጣው ማነው?» አለች።

እናቷና አጎቷ ተያዩ።

«እማ?»

«ቀጭኑ» አለች እናቷ።

ቀጭኑ በዚህ ዓመት የተቀጠረው ሹፌር ነው። መኪናውም የዚህ መንትያ ነው።

«የጎማውን ነገር ማን አስተማረው?»

እናቷ መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ለቀጭኑ ለብቻው ሹክ እንለዋለን» አሉ አጎቷ። «ምን ችግር አለው?»

«ለሌሎቹስ? ከእሱ ቀጥሎ ለሚቀጠረውስ? ሁሉንም እየዞሩ ሹክ ሊሉ ነው ጋሼ?» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ዝቅ ልታደርገው ሞክራ አቃታት። «በዚያ ላይ 'ሴንሰር ቆሽሾ ነበር' ካልን ምን ይላሉ? 'ሴትዮዋ ቆሻሻ ሴንሰር አስፈራት' ነው የሚሉት። እማ መኪናው እምቢ አለኝ አለች፤ እውነቷን ነው። ጭቃ ውስጥ አልገባሁም አለች፤ እውነቷን ነው። ያንን የሚመሰክርላት ይሄ ኮድ ብቻ ነው። ጥፋቷም እውነቷም እዚህ አንድ ላይ ነው ያለው። አንዱን አጥፍቼ አንዱን ላስቀር አልችልም።»

«ልጄ» አለች እናቷ። ድምፅዋ ደክሟል። «አንዴ ጥፋቱ የእኔ ነው ካልኩ የሚሰሙት እሱን ብቻ ነው። 'ድሮም ብለን ነበር' ነው የሚሉኝ። አታውቂያቸውም። አጥፊው።»

ቀኑን ሙሉ ቡሎን እምቢ ያለችው ለእናቷ ብላ ነበር። እናቷን ራሷን እምቢ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

«አላጠፋም» አለች።

«ቡሎን!» አሉ አጎቷ።

«አላጠፋም ጋሼ። ከፈለጉ ይውሰዱት፤ እርስዎ ያጥፉት።» ማሽኑን ዘረጋችላቸው። አጎቷ እጃቸውን አነሱ፣ ግን መነጽራቸው የት እንዳለ ለመፈለግ ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር። መዳበሳቸውን አላቆሙም።

ወደ እናቷ ዞረች። «አንቺስ? ታጠፊዋለሽ?»

እናቷ ማሽኑን አየችው፤ አልተቀበለችውም።

ውጭ መኪና ቆመ። በር ሲዘጋ ተሰማ፣ ከዚያም ዘይት ላለመርገጥ የሚጠነቀቅ ሰው እርምጃ።

ቡሎን ማሽኑን የመኪናው አፍንጫ ላይ አስቀመጠችው፤ ስክሪኑን ወደ በሩ አዞረችው። ከኪሷ ቋጠሮ ያለበትን ሲባጎ አወጣች። የቀኝ የኋላ ጎማ ጋ ሄዳ ሲባጎውን በቋጠሮው በኩል አናቱ ላይ ያዘች፤ ሌላኛው ጫፍ ወለሉ ላይ ወደቀ። የሚያስጨንቀው ድንጋይ ጋራዡ ውስጥ አልነበረም።

«እሺ» አለ ክራባት በሩ ላይ ቆሞ። «ምን ተገኘ?»

አጎቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቡሎን መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ ግን ዋጠችው። እናቷን ብቻ አየቻት፣ አንገቷን ሳታቀረቅር፣ ጫፉን አናት ላይ እንደያዘች።

እናቷ የእጇን መዳፍ በቀሚሷ ላይ ጠረገች። መጥታ ጎማው ሥር ተንበረከከች፣ የወደቀውን ጫፍ አንስታ መሬት ላይ በጣቷ ተጭና ያዘችው።

«ይምጡና ይዩ» አለችው። «ይሄንን ጎማ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»